ፎርማው አልጠበበም

ለተወደድከው፣ ለተከበርከው፣ ከአንድ እናት ማሕፀን በአምስት ዓመት ቀድመኸኝ ለወጣኸውና ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁሉ ነገር ቀደምኩሽ ለምትለኝ ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር የሚያቃስተው ግራው ነበር ወይስ ቀኙ? የቱም ይሁን የቱ፣ ሁለቱንም በየተራ ሰላም በልልኝ። ባለቤትህስ እንዴት ናት? ያንተን ኩርፊያ ችላ እስከ ዛሬ በጤና መክረሟ ራሱን የቻለ ተአምር ነውና እጅ ነሥተህ ሰላም በልልኝ። ልጆቹስ? ትልቁ አሁንም ጥያቄ ያበዛል? ትንሿስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? ቢሮህ ውስጥ ማጅራትህን በነፋስ የሚመታህ ያ የተሰበረ መስኮትስ ተጠገነ ወይስ ጉዳዩ አሁንም በሚመለከተው ክፍል እየታየ ነው? እኛ በበኩላችን እማማም፣ አባባም፣ እኔም ደህና ነን። በደብዳቤ ላይ እንደሚባለው ደህና ሳይሆን የእውነት ደህና ነን። ሰው ተናዶ በልቶ ተናዶ ቢተኛም፣ ጠዋት እስከተነሣ ድረስ ደህና ነው።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ነው። አንዱ መስመር ሰላምታ ሲሆን የቀረው ተግሣጽ ነው። አለቃዬ ቢሮህ ድረስ ደውሎ፣ እህትህ ትዕዛዝ አልቀበልም ብላለች፣ አንተ ደግሞ ለሥራዋ የፈረምክ ዋሷ ነህ፣ ብሎ በባልደረቦችህ ፊት ጆሮህን እንዳጋለው አነበብኩ። ስለ ጆሮህ ከልቤ አዝናለሁ። ምክርህንም አነበብኩ፤ ፎርማውን አስረክቢ፣ ይቅርታ ጻፊ፣ አንገትሽን ድፊ፣ ዝም አይነቅዝም፣ ብለሃል። ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ለእማማ አነበብኩላት። እማማ፣ እውነቱን ነው፣ አለች።

መልሴ አጭር ነው። አላደርገውም። ረጅሙን መልስ ደግሞ ከዚህ በታች ታገኘዋለህ፤ ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው ጥቂት ገጽ ማንበብ አያቅተውም።

አንተ ከወርክሾፑ የሸሸኸው በአሥራ ስድስት ዓመትህ፣ እርጥብ ጭልፋ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ነክረህ ድስቱ የተፋብህ ዕለት ነው። ቅንድብህ ላይ ያለችውን ጠባሳ ለሚጠይቅህ ሁሉ ከብስክሌት ወድቄ ነው እንደምትል ሰምቻለሁ። ምስጢርህን እስከ ዛሬ ጠብቄልሃለሁ፤ ከዛሬ በኋላ ግን እንደ አኳኋንህ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሻይ ብርጭቆ በቀር ትኩስ ነገር ስላልያዝክ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

የዒላማ ክበባችን አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተኩሱባቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ታውቃቸዋለህ። ከሱቅ የሚገዛ አረር አይስማማቸውም። ስለዚህ አረራቸውን እኛ እናፈስላቸዋለን። እርሳስ በድስት ይቀልጣል፣ በጭልፋ ይቀዳል፣ ፎርማው ውስጥ ይፈሳል። ፎርማው እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ እንደ ጉጠት እጀታ ያለው፣ ሁለት የብረት ጉማጅ ነው፤ መሃሉ ላይ አረሩ የሚወለድባት ጉድጓድ አለች። የሚወለደው አረር ውፍረቱ አሥራ አንድ ሚሊሜትር ከአምሳ ሁለት መሆን አለበት። ከዚያ ከወፈረ አይገባም። ከዚያ ከቀጠነ ደግሞ በአፈሙዙ ውስጥ እንደ ሰፊ ጫማ እየዋለለ ይወጣና ወረቀቱን በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ ይመታዋል። በእኛና በውርደት መካከል ያለው ርቀት አንዲት ፀጉር ታህላለች ብልህ አላጋነንኩም።

ያን ፎርማ አባባ ነው የሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቦረቦረ፣ እየለካ፣ እንደገና እየቦረቦረ። ሠላሳ አንድ ዓመት አፈሰሰበት። ዓይኑ ሲደክም ለእኔ አስረከበኝ። እኔ ደግሞ ይኸው ስድስት ዓመቴ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከዚያ ፎርማ አንድም ቀን ልክ ያልሆነ አረር አልወጣም አልልህም፤ ፎርማው ሳይሞቅ ካፈሰስክ የተጨማደደ ይወጣል፣ ከመጠን በላይ ከሞቀ ውርጭ የመታው ይመስላል። እነዚያን መልሰህ ድስት ውስጥ ትጥላቸዋለህ፤ አይቀየሙም። ከሰው የሚሻሉት በዚህ ነው።

አሁን ወደ አለቃዬ ልለፍ። የመጣው ከሰባት ወር በፊት ነው። ከዚህ በፊት ትልቅ የልብስ ንጽህና ቤት ያስተዳድር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን በስንት ጣዕሙ፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ እንኳ ይደክመዋል። እሱ ንጹህ ሰው ነው። ከደረት ኪሱ ካሊፐር አይለይም። ሰዎች እስክሪብቶ በሚሰኩበት ቦታ እሱ መለኪያ ይሰካል፤ ስለዚህ ስሙን ትተን ካሊፐር እንለዋለን። በገባ በሳምንቱ የወርክሾፑን ግድግዳ ነጭ ቀለም አስቀባ። እርሳስ በሚቀልጥበት ክፍል ነጭ ቀለም! ከድስቱ በላይ ደግሞ ንጽህና የጥራት እናት ናት የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ጭሱ በወሩ እናትየዋን በላትና አሁን የሚነበበው ንጽህና የጥራት ብቻ ነው። የጥራት ምኗ እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

አባባ ድስቱ ውስጥ ይጨምረው የነበረውን ነገር ታስታውሳለህ? አሮጌው ማተሚያ ቤት ሲዘጋ በሣጥን በሣጥን ያስመጣቸው የእርሳስ ፊደላት። ለየድስቱ ሁለት እፍኝ ፊደል። ልጅ ሆነን ስማችንን ፈልገን ለቅመን አንደብቅም ነበር? እኔም እንዳየሁት ሁለት ሁለት እፍኝ እየጨመርኩ ኖርኩ። ካሊፐር አንድ ቀን ሣጥኖቹን ከፈተና፣ ይህ ምንድን ነው፣ አለኝ። ፊደል ነው አልኩት። ፊደል ለምን ይቀልጣል አለ። ሲቀልጥ ይጠነክራል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ሣጥኖቹ ተለቅመው ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ወደ ጓሮ ዕቃ ቤት ገቡ። በሦስተኛው ቀን የሚያብለጨልጭ አዲስ እርሳስ መጣ። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ መቶ በመቶ ንጹህ። ካሊፐር አንዱን አንሥቶ እንደ አራስ ልጅ አቀፈው። ንጹህ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል፣ አለ።

ጥፍሬን ሰካሁበት። እንደ ሳሙና ገባ። ይህ ለስላሳ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። በዚያ ሳምንት ግን ስለ ቀለሙ አንዴ፣ ስለ ጓንቴ ጥቀርሻ አንዴ፣ ስለ ማራገቢያው ጩኸት አንዴ ከእሱ ጋር ተነታርኬ ደክሞኝ ነበር። አፌን መልሼ ገጠምኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፈሰስኩ፤ አልለካሁም። ለምን እለካለሁ? ፎርማው የአባባ፣ እጁ የእኔ። ይህችን ቦታ ምልክት አድርግባት ጋሼ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ውድድሩ ደረሰ። ከሌላ ክበብ እንግዶች መጡ። የኛ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ አርባ ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ሳይንቀጠቀጡ የሠሩ ሰው ስለሆኑ እጃቸው ድንጋይ ነው። መጀመሪያ የተኮሱት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ወረቀቱን ጨርሶ ሳተው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጢሙን እየደባበሰ፣ አረራችሁ እንቅልፍ ይዞት ነው እንዴ ተጋድሞ የሚሄደው፣ አለ። ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አብረው ሳቁ፣ ጆሯቸው ግን እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ መሬት ሥራ አላት መሰለኝ አልሰማችኝም።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ካሊፐር ከቀረው አረር አሥራ ሁለት አንሥቶ በየተራ ለካ። አሥራ አንድ ከአርባ ሰባት። አሥራ አንድ ከአርባ ሰባት። እየለካ እንደ ቅዳሴ ያዜመው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ፍርዱን ሰጠ፤ ፎርማው ከእርጅናው ብዛት ጠቧል። ስለዚህ አንደኛ፣ ጉድጓዱ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ እንዲሰፋ፤ ሁለተኛ፣ የወርክሾፑ ሠራተኛ፣ ማለትም የአባትህ ልጅ፣ ጥፋቷን አምና ይቅርታ በሦስት ቅጂ እንድትጽፍ።

እኔም እጄን አውጥቼ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ክቡር አለቃ፣ አልኩ፣ እርጅና ሰውን ያጠብባል እንጂ ጉድጓድን አያጠብብም። የተሠራበት ብረት ይበላል፤ የተበላ ብረት ይሰፋል። ፎርማው አርጅቶ ቢሆን ኖሮ አረሩ ይወፍር ነበር እንጂ አይቀጥንም። ካሊፐር ፈገግ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በሃያ ዓመት የሥራ ልምዴ፣ ሱፍ እየቆየ እየታጠበ ሲሄድ ይጠባል፣ አለኝ። በደብዳቤ መሳቅ አይቻልም እንጂ ይህን ስጽፍልህ ብዕሬ ራሷ እየተንፈራፈረች ነው። እዚያ ግን አልሳቅኩም። ፎርማውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ፣ የሥራ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ከዚያ፣ የበላውን ብረት ብርጭቆ ወረቀት መልሶ አይተፋውም፤ ስለዚህ አልሰጥም፣ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ዓርብ ድረስ ጊዜ ሰጠኝ። ካላስረከብኩ መሳቢያው ይሰበራል፣ እኔም እሰናበታለሁ። ላንተ የደወለውም ያን ዕለት ከሰዓት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እሱ ግን ባለቤቱን ሲፈራ አጥሩን ነቀነቀ። አንተ አጥሬ ነህና።

ያንተ ደብዳቤ በደረሰ ማታ፣ ከቀጫጭኖቹ አረሮች አንዱን በኪሴ ይዤ ገባሁ። አባባ እንደ ልማዱ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጧል። ዓይኑ አሁን ጥላና ብርሃን ከመለየት አያልፍም፤ ጣቶቹ ግን ዓይን አውጥተዋል። አረሩን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። በአውራ ጣቱ አሸው። ጠረጴዛው ላይ አንከባለለውና ጆሮውን አዘንብሎ ሰማው። ቀጥኗል፣ አለ። ከዚያ በመዳፉ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲያደርገው ቆየና፣ ግን ከብዷል፣ አለ። ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። ቀጥኖ ከበደ። ቀጥኖ ከበደ። ድንገት ቀና ብሎ፣ ፊደሉን ማን ከለከለሽ፣ አለኝ።

ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ሁለት እፍኝ ስጨምር ለጥንካሬው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባባ አስረዳኝ። እርሳስ ሲበርድ ይኮማተራል። ንጹሁ እርሳስ ከሁሉም ይበልጥ ይኮማተራል፤ ፎርማው ውስጥ ሞልቶ ይገባና ሲቀዘቅዝ ከግድግዳው ይሸሻል። የማተሚያ ፊደል ግን ድሮውንም ሲበርድ እንዳይሸሽ ተብሎ በሌላ ማዕድን የተበረዘ ነው፤ ቢሸሽ ኖሮ ጽሑፉ ሁሉ ይኮላሽ ነበር። ማዕድኑ ደግሞ ከእርሳስ ይቀላል። ስለዚህ ፊደል ያለበት አረር ወፈር ብሎ ቀለል ይላል፤ የሌለበት ቀጠን ብሎ ይከብዳል። ፎርማውን ለፊደል ነው የቆፈርኩት አለ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሊያሹት መሆኑን ነገርኩት። ልደብቀው ነበር፣ አልቻልኩም። አባባ አልተቆጣም። ወደ ሬዲዮኑ ዞሮ ጆሮውን አስጠጋ። ሬዲዮኑ ግን አልተከፈተም ነበር። እስክንተኛ ድረስ እንደዚያ ተቀምጦ ያልተከፈተ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አመሸ።

እማማ በኩሽናው በር ጠርታኝ፣ ልጄ፣ እባክሽ ይቅርታ በይና ይለፍ፣ አለችኝ። ብረት ነው አለች። አዎ፣ ብረት ነው አልኳት።

በማግስቱ ወደ ዕቃ ቤቷ ኃላፊ ሄድኩ። እትዬ ደረሰኝ እንላታለን፤ ያለ ፊርማ ሰላምታ እንኳ አትሰጥም። ሁለት እፍኝ ፊደል ስጪኝ አልኳት። በምን አግባብ አለች። በአባቴ አግባብ አልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ተነሣች፣ መጥረጊያዎቹን ገለል አደረገች፣ ሣጥኑን ከፈተች፣ በገዛ እጇ ሁለት እፍኝ ቆጥራ ሰጠችኝና ደረሰኙን ሞላች። የዕቃው ዓይነት ፊደል፤ ብዛት ሁለት እፍኝ፤ ምክንያት የሚለው ላይ ስትደርስ፣ እሱን አንቺ ሙዪው፣ አለችኝ። ለመለኪያ ብዬ ሞላሁ። ስወጣ ከኋላዬ፣ የእኔም እጅ ትልቅ ነው፣ ሁለቱ ሦስት ሳይሆን አይቀርም፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ አለችኝ። ላንተ ብቻ ተናገርኩ።

ከዚያ ለሊቀመንበሩ አንድ መስመር ጻፍኩ። መሳቢያው ከመሰበሩ በፊት አንድ ሰዓት ስጡኝ፤ ያን ቀን ያሳቀብዎት ማን እንደሆነ አሳይዎታለሁ። መጡ። ሐሙስ ነበር፣ የዓርቡ ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ። ወርክሾፑ ጠባብ ስለሆነ ሦስቱ ተደርድረው ቆሙ፤ ሊቀመንበሩ መሃል፣ ካሊፐር በቀኝ፣ እትዬ ደረሰኝ በግራ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ። ማራገቢያውን ከፈትኩ፣ ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ካሊፐር እጁን ዘረጋ። አይንኩት፣ ገና ነው፣ አልኩት።

ድስቱ ውስጥ መቶ በመቶ ንጹሁን ብቻ አቀለጥኩ። ፎርማውን አሞቅኩ። የመጀመሪያዎቹን የተጨማደዱ ጣልኩ። ከዚያ አምስት አረር አወጣሁ። ካሊፐር ካሊፐሩን መዝዞ ወዲያው አንዱን አነሣ፤ ወዲያውም ጣለ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ትኩስ ነገር አይለካም፣ ይብረድ፣ አልኩት። ይህን የምለው ስለ አረሩ ነው፤ ስለ ሌላ የገባው ካለ ይግባው። እስኪበርድ ጠበቅን። ለካ። አሥራ አንድ ከአርባ ሰባት አለ፣ ድምፁ ውስጥ ድል ነበረ። ይጻፍልኝ አልኩ። እትዬ ደረሰኝ ጻፈች።

ከዚያ በዚያው ድስት፣ በዚያው ጭልፋ፣ ሁለቱን እፍኝ ፊደል ጨመርኩ። እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ አባባ ተሳስቶ ቢሆንስ እያልኩ ነበር፤ አባባ ሰው ነው፣ ጣትም ይሳሳታል። ፊደሎቹ አንዴ ቆመው፣ አንዴ ዘንበል ብለው፣ ከዚያ ሟሙ። አማሰልኩ፣ ዝቃጩን ገፈፍኩ፣ በዚያው ፎርማ አምስት አፈሰስኩ። እስኪበርዱ ጠበቅን። ካሊፐር አሁን ሳይቸኩል አነሣ። ለካ። ካሊፐሩን አየው። በእጅጌው ጠረገው። እንደገና ለካ። ሌላ አንሥቶ ለካ። አላዜመም። ሊቀመንበሩ ከእጁ ወስደው ራሳቸው አነበቡት። አሥራ አንድ ከአምሳ ሁለት።

ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ። የእውነት ሳቅ ነበር፣ የውድድሩ ቀን ዓይነት አይደለም። አርባ ዓመት የወርቅ ጥርስ ሳፈስ ኖሬ፣ አሉ፣ ወርቅም ሲበርድ እንደሚሸሽ እያወቅኩ፣ ለመንጋጋው ልክ እንዲሆን አስቀድሜ እያሰፋሁ ስሠራ ኖሬ፣ የገዛ አረሬ ሲሸሽ አላወቅኩም! ወደ ካሊፐር ዞረው፣ ልጄ፣ ንጽህናው ይቆይህ፣ ፊደሉን ወደ ቦታው መልስ፣ አሉት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተረት ይሆን ነበር። ካሊፐር ቃለ ጉባኤውን ጽፎ አመጣ። ምን ይላል መሰለህ? በኮሚቴው የቅርብ ክትትል ፎርማው ወደ ቀድሞ ልኩ ተመልሷል ይላል። ተመልሷል! ታሞ የነበረ ይመስል። አልፈርምም አልኩ። ሊቀመንበሩ ለብቻዬ ጠርተው፣ ልጄ፣ አሸንፈሻል፣ ቃሏን ተያት፣ አሉኝ። ዶክተር፣ አልኳቸው፣ ጤነኛ ጥርስ ይዞ የመጣ ሰው ካርድ ላይ ታክሞ ዳነ ብለው ይፈርሙ ነበር? ብዕራቸውን አወጡ። መስመሩን ሠረዙና በራሳቸው እጅ፣ ፎርማው ቀድሞም ልክ ነበር፣ ብለው ጻፉበት። ያኔ ፈረምኩ፤ እንዲያውም ፊርማዬን ከወትሮው አስረዘምኳት።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያው ግን አልቀረልኝም። ትዕዛዝ አልቀበልም ማለትሽ እውነት ነው፣ አለኝ ካሊፐር። እውነት ነው አልኩት። ወረቀቱን ተቀብዬ ከድስቱ በላይ፣ ንጽህና የጥራት ከሚለው ጎን ሰቀልኩት። ጭሱ ከየትኛው ቃል እንደሚጀምር እናያለን።

አሁን ምልክት አድርግ ወዳልኩህ ቦታ ተመለስ። ይቅርታ ጻፊ ብለኸኝ ነበር፤ ጻፍኩ። በሦስት ቅጂ። አራተኛው እዚህ ውስጥ ታጥፎልሃል። እንዲህ ይላል። እርሳሱ ለስላሳ መሆኑን በጥፍሬ አውቄ፣ ንጹህ ስለተባለ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው፤ ሊቀመንበሩንም ያሳቀባቸው ይኸው ዝምታዬ ነውና ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ፎርማው ግን ልክ ነው። ካሊፐር አንብቦ ይህ ይቅርታ ነው ወይስ ክስ ነው አለኝ። እንደ አለካክዎ ነው አልኩት። አየህ ጋሼ፣ ዝም አይነቅዝም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ይነቅዛል። እኔ ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ ነቅዤ አይቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ከአርባ ሰባት ሆኜ ነበር።

ዋስነትህን በተመለከተ፣ አንድ ቀን እንደገና ይደውልልህ ይሆናል። ብታነሣ መብትህ ነው፤ አልቀየምህም፣ ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ። ግን ካነሣህ ምክንያቱን በትክክል ጻፍ። እህቴ አጠፋች ብለህ አትጻፍ። እህቴ ልክ ስለሆነች ፈራሁ ብለህ ጻፍ፤ በሦስት ቅጂ። ባታነሣ ደግሞ፣ ስልኩን አንሥተህ፣ ፎርማው ስንት ነው የሚለካው፣ ብለህ ጠይቀው። ካሊፐሩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ይመልስልሃል።

የፊደሉ ነገር ያሳስበኛል፤ አልዋሽህም። ሁለት ሣጥን ነው የቀረን። ሁለት ዓመት ቢያስኬደን ነው። ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር ዛሬ ፊደል አይቀልጥበትም። ሲያልቅ ምን እንደማደርግ ገና አላወቅኩም። ግን ፎርማው ሲነካ አላይም፤ እርሳሱን ለፎርማው እፈልጋለሁ እንጂ ፎርማውን ለእርሳሱ አልሞርድም። ያንተ ከተማ ትልቅ ነው፤ አሮጌ ማተሚያ ቤት የሚዘጋ ካጋጠመህ ጆሮህን ጣል። እስካሁን ጆሮህን ለካሊፐር ስታውስ ነበር፤ አሁን ለእኛ አውሰን።

ሐሙስ ማታ ልኩን የጠበቀውን አንዱን አረር ለአባባ ይዤለት ገባሁ። አሸው፣ አንከባለለው፣ ሰማው። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና ሬዲዮኑን ከፈተ። ደግሞ ያቺን ይቅርታ በይ ስትለኝ የከረመችውን እማማን ስማ፤ ጠዋት ስነሣ ቁልፉ አንገቴ ላይ የለም። ደንግጬ ወደ ኩሽና ብሮጥ፣ ቀጭኗን ክር በጥሳ ጥላ በወፍራም የጫማ ክር እየቋጠረችልኝ ደረስኩ። ያቺ ትበጠስ ነበር፣ አለችኝ።

ባለቤትህን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ ስላንተ ይቅርታ። ትልቁ ልጅህ ጥያቄ ማብዛቱን እንዳይተው ንገረው፤ አክስትህ እንዲህ አለች በለው። ትንሿን ጥርሷ ሲበቅል በወርቅ የሚሠሩ ሽማግሌ ወዳጅ እንዳላት ንገራት። እትዬ ደረሰኝ ሰላም ብላሃለች፣ ሰላምታዋ እንደደረሰህ ፈርመህ መልስ። እማማ ትስምሃለች፤ ወፍራም ካልሲ አድርግ ብላሃለች። አባባም ሰላም ብሎሃል። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ለልጅህ ሌላ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። ጭልፋው አሁን ደርቋል፣ ይምጣ በይው፣ አለ።

ላንተ ያልጠበበች ታናሽ እህትህ፣
ተርቧ

ከወርክሾፑ፣ ከድስቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ቅዳሜ፣ በወሩ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተጻፈ